ስድስት ሰው፣ አራት ወንበር

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ጫጫ ላይ ላቫጆ ገባን። መኪናችን ያን ያህል አልቆሸሸም፤ ባለቤቴ ግን ሠርግ ቤት አቧራ ለብሶ መድረስ ያሳፍረዋል። እሱ ቆሞ ሲያሳጥብ እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ግቢው ጥግ ሄድኩ። እዚያ አንድ አሮጌ አረንጓዴ ላንድሮቨር ታጥቦ፣ የኋላ በሩን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ወንበሩ ላይ የረጠበ ብርድ ልብስ ተሰጥቶበታል። በአጠገቡ ሳልፍ ሽታው መጣና ያዘኝ። ፀሐይ ያገኘው ፕላስቲክ፣ ናፍጣ፣ እርጥብ ሱፍ። ሳላስበው አንገቴን ወደ ውስጥ አስግጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ማሽተት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ የጠፋብዎት ዕቃ አለ?» አለኝ ባልዲ የያዘው አጣቢ።

«የለም፣ የለም። ሽታው ነው» አልኩት።

«ምን ሽታ አለው? ገና አሁን በሳሙና ፈትጌ ያጠብኩት!» ብሎ ተቆጣኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ይቅርታ ጠይቄው ወደ መኪናችን ተመለስኩ። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ግን ፈገግታዬ ከፊቴ አልጠፋም።

ደብረ ብርሃን ስንኖር ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ከእኔ በሦስት ዓመት የሚበልጥ ዳዊት የሚባል ወንድም አለኝ። አምስተኛዋ ቤተሰባችን ቮልሷ ነበረች። ቀለሟ ለጋ ቅቤ ነው። አባዬ የገዛት ገና ወንደላጤ ሳለ ሲሆን፣ እማዬንም ያገባት በእሷ ነው። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ከእማዬ ይልቅ ቮልሷ ጎልታ ትታያለች፤ እማዬ ይህን ነገር መቼም አልረሳችለትም። አባዬ አንድ ጓደኛው ሌላ መኪና መግዛቱን ሲሰማ ሰው ታመመ የተባለ ይመስል ከንፈሩን ይመጣል። «እኛ የቮልስ ቤተሰብ ነን» ይላል፤ ለእንግዳም፣ ለተማሪዎቹም፣ ለትራፊክ ፖሊሱም።

ይህን አባባሉን እኔ ቃል በቃል ነበር የያዝኩት። ሰው የሚወልደው በመኪናው ወንበር ልክ ይመስለኝ ነበር። እኛ አራት ነን፣ የቮልሷም ወንበር አራት ነው። ሠፈራችን ያለው የአውቶቡስ ሹፌር ዘጠኝ ልጆች ነበሩት፤ ይህም ለእኔ ምንም የሚያስገርም ነገር አልነበረውም። መኪና የሌላቸው ሰዎች ለምን ልጅ እንዳላቸው ብቻ ነበር የማይገባኝ።

ያን ጊዜ ከሁሉም የምወደው ነገር ጠዋት ጠዋት ቮልሷን መግፋት ነበር። የደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ወንዝ ዳር ያለውን ሣር ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ባትሪዋ ያረጀ ስለነበር በዚያ ብርድ አትነሳም። አባዬ ማታ ማታ ሞተሯን ወፍራም ግራጫ የሱፍ ብርድ ልብስ ያለብሳታል፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ብርድ ልብሷን ለብሳ ስትታይ ጀርባዋን የታመመች አሮጊት ትመስላለች። ጠዋት ብርድ ልብሱ ይነሳል፣ አባዬ መሪው ላይ ይቀመጣል፣ ዳዊት ከግራ እኔ ከቀኝ ሆነን እንገፋለን። ብረቱ ጣት ያቃጥላል። ትንፋሻችን ይጨሳል። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ አባዬ «አሁን!» ይላል፤ ቮልሷ አንዴ ታስነጥስና ትክ ትክ ትክ ትላለች። ያኔ የሚሰማኝን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ! ያስነሳኋት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። እየሮጥን በሩን ከፍተን ዘልለን እንገባለን፤ አባዬም «የቮልስ ልጆች!» ይለናል።

በዚያ ዓመት መስከረም ማለቂያ ላይ እማዬ ወለደች። አባዬ ከሆስፒታል ሲመለስ የሠፈሩ ሴቶች በራችን ላይ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። «ወንድ ነው!» አላቸው። ሰባት ጊዜ እልል አሉ፤ ለወንድ የሚባለው እንደዚያ ነው። ጨርሰው ሊበተኑ ሲሉ አባዬ ሁለት እጁን አነሳ። «ቆይ፣ ቆይ! ሴትም አለች!» አለ። ለካ የመጀመሪያውን ተናግሮ ሁለተኛውን ለመናገር ትንፋሽ አጥሮት ነው። ሦስት እልልታ ተጨመረ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ ትንሽ ሱቅ ያላት ሳቂታ ሴት፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ ቮልስዎት ጉድ ፈላባት!» ብላ ግቢውን በሳቅ ሞላችው።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ዞር ብዬ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ቮልስ አየኋት። አራት ወንበር። እኛ ስድስት ሆነናል።

አራስ ለመጠየቅ አያቴ ከአንኮበር መጡ። የእናቴ አባት ናቸው፤ የአጥቢያ ካህን ስለሆኑ ሰው ሁሉ መምሬ ይላቸዋል፣ እኛ ደግሞ አባባ። አያቴ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እኔን በቤት ስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ በክርስትና ስሜ ወለተ ሥላሴ ነበር የሚሉኝ። ያን ማታ መንታዎቹን ተራ በተራ አቅፈው ከመረቁ በኋላ እናቴን ቀና ብለው አዩና፣

«ልጄ፣ ሁለት ሕፃን ባንዴ እንዴት ትችይዋለሽ? ወለተ ሥላሴን ስጪኝ። ከእኔ ጋር ትኑር፤ እኔም መዝሙረ ዳዊት አስደግማታለሁ» አሉ።

እማዬ ፈገግ አለች። አባዬ ሻዩን አማሰለ። አይሆንም ያለ ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ አባዬ ስለ ክርስትናው ጉዞ ሲወራ፣ በዚያ ሒሳብ በሚያስተምርበት ረጋ ያለ ድምፁ፣ «ስድስት ሰው ለአራት ወንበር አይካፈልም» አለ።

ክው አልኩ። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ሕፃናቱ ከእናታቸው አይለዩም። ዳዊት ወንድ ነው፣ ጉልበት አለው። ቦታ የሌለኝ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ቦታ የሌለኝን ደግሞ የሚወስደኝ ሰው ተገኝቷል። አያቴን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ማታ የእማዬን እጅ ሳልይዝ ተኝቼ አላውቅም። ያን ማታ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ድምፄን ሳላሰማ አለቀስኩ።

በማግስቱ አያቴን ወደ መናኸሪያ ልንሸኝ ስንል ቮልሷ እንደ ልማዷ እምቢ አለች። አያቴ በጋቢያቸው ተጀቡነው ቆመው አይተው አይተው፣ «ለመሆኑ ጸበል ተረጭታለች?» ብለው ጠየቁ። አባዬ አንገቱን አከከ። አዲስ መኪና ተገዝቶ ጸበል ሳይረጭ አይነዳም፤ አባዬ ግን በወንደላጤነቱ ዘመን የገዛት ጊዜ ይህን ማን አስቦት! አያቴ ከቦርሳቸው የጸበል ጠርሙስ አወጡ። በቮልሷ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጸሎታቸውን አደረሱ፤ ከዚያ የፊት መብራቷን፣ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን በደንብ አድርገው ረጯት። በመስቀላቸውም ዳበሷት።

አባዬ ጨነቀው። «አባባ...» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእሷ ሞተር ከኋላ ነው።»

«ከኋላ?»

«ከኋላ።»

«ታዲያ ከፊቷ ምን አለ?»

አባዬ የፊቱን ክዳን ከፈተው። መለዋወጫ ጎማ፣ የዘይት ጨርቅ፣ ከክረምት ጀምሮ የጠፋብኝ አንድ እግር ጫማዬ። አያቴ አጎንብሰው ተራ በተራ አዩት። «እኔ እኮ ለጫማ ነው ስጸልይ የቆየሁት!» አሉ። እማዬ በአራስ ቤቱ መስኮት ሆና በሳቅ ፈረሰች። አያቴ ግን አልሳቁም፤ በዝግታ ዞረው ወደ ኋላ ሄዱ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጸለዩ፣ ረጩ። ከዚያ ገፋናት፤ ተነሳች። ዳዊት በጉልበቴ ነው አለ። አያቴ መናኸሪያው እስክንደርስ «ከኋላ!» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር።

ወንድ በአርባ ቀን፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት። መንታ ቢሆኑም ሥርዓቱ አይለወጥም። ስለዚህ ናሆም ቀድሞ፣ ናርዶስ ተከትላ፣ ሁለት ጊዜ አንኮበር መውረድ ግድ ሆነ፤ አያቴ ሁለቱንም በደብራቸው ሊያጠምቁ ተስለዋል።

የናሆም ቀን ዋዜማ ጭነቱ ሲጀመር እኔ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጫማዬን ቦርሼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ጋቢና የክርስትና አባቱ ገቡ፤ የአባዬ ባልደረባ ናቸው፣ ሰውነታቸው ሰፊ ነው፣ ሲገቡ ቮልሷ ወደ ቀኝ አዘመመች። ከኋላ እማዬ ናርዶስን አቅፋ፣ የእማዬ አክስት ናሆምን አቅፈው። በመካከላቸው ድፎ ዳቦ። የቀረው የአንድ ልጅ ቦታ ነው፤ እሱም ዳቦው ጭን ላይ ከተያዘ ነው።

«ዳዊት ይግባ» አለ አባዬ። «መንገድ ላይ ብትቆም የሚገፋ ያስፈልጋል።»

«እኔም እገፋለሁ!» አልኩ። «ሁልጊዜ የምገፋው እኔ ነኝ!»

«ታውቂያለሽ እኮ፣ ዳዊት ጉልበት አለው። አንቺ ለናርዶስ ትሄጃለሽ።»

አንገቴን ደፋሁ። ዳዊት እንኳ አፍሮ ወደ እኔ ሳያይ ገባ። እትዬ ጥሩነሽ እጄን ይዛ ወደ ሱቋ ወሰደችኝ፤ ከረሜላ ሰጠችኝ፤ ከረሜላው አልጣመኝም።

በማግስቱ ሲመለሱ ዳዊት እየዘለለ ወሬውን አዘነበው። እማዬ የሴቷ ሰማንያ ስላልሞላ ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ አያቴ ቤት መቆየቷን፣ ናሆም ሲጠመቅ አያቴ ላይ መሽናቱን፣ ሁለት ዶሮ መበላቱን። መጨረሻ ላይ፣ «አባባ ደግሞ አንቺን አልጋ አንጥፈው ነበር የጠበቁሽ። አዲስ ፍራሽ! ይሄ የወለተ ሥላሴ ነው፣ ማንም እንዳይተኛበት አሉ» አለኝ።

ዳዊት ይህን የነገረኝ ሊያስደስተኝ ነው። ለእኔ ግን ጉዳዩ ያለቀለት መሰለኝ። አልጋዬ ተዘጋጅቷል። ለናርዶስ ክርስትና እሄዳለሁ፤ ቮልሷ ስትመለስ እኔ እዚያው እቀራለሁ። የሚያድነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰፊ መኪና።

እግዚአብሔርም በእማዬ አፍ ረዳኝ። ከመኪናው ስትወርድ ወገቧን ይዛ ነበር። «ስማ» አለችው አባዬን፣ «ሁለተኛ እንደ ጤፍ ጆንያ ተጠቅጥቄ አልሄድም። ቮልስህን እወዳታለሁ፤ ሁለት ሰው ሆነን ነው ያገባኸኝ፣ አሁን ስድስት ነን። አስብበት።»

አባዬ አሰበበት። ለብዙ ቀን ሲያስብ ቮልሷን ይወለውላል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ፣ ማንንም ሳያይ፣ «እሺ። እንይ» አለ።

እነዚያ ሳምንታት! በሕይወቴ እንደዚያ የጓጓሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በራችን ላይ አዲስ መኪና ይቆማል፤ እኛ ከማዶ ገና ስናየው እየተሽቀዳደምን እንሮጣለን። ደላላውም ሻጩም ሞተሩን ሊያሳዩ ሲከፍቱ እኔ በኋላ በር ገብቼ ወንበሩን አንድ በአንድ እቀመጥበታለሁ።

መጀመሪያ የመጣችው ላዳ ነበረች፤ ሰማያዊና ነጭ፣ ታክሲ የነበረች። አባዬ ወደዳት። «አምስት ሰው ትይዛለች፣ ሕፃናቱ እቅፍ ላይ ናቸው» አለ።

«ያድጋሉ!» ብዬ ጮህኩ ከውስጥ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እውነቷን ነው» አለች እማዬ፣ «የሒሳብ መምህሩ ይህን አላሰበውም።» ላዳዋ ሄደች።

ቀጥሎ ፒካፕ መጣ። ዳዊት ዕቃ መጫኛው ላይ ወጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ይህ ካልተገዛ ምሳ አልበላም አለ። እማዬ መጫኛውን፣ ልጇን፣ ሰማዩን አየችና፣ «በውርጭ ልጆቼን እንደ በግ ከኋላ ልጭን?» አለች። ፒካፑም ሄደ።

ከዚያ ሚኒባስ። እኔ ስምንት ወንበር ድረስ ተቀምጬ ደክሞኝ ተውኩት፤ በደስታ ልፈነዳ ነው። አባዬ ሊሞክረው እኛን ጭኖ ወጣ። መናኸሪያው አጠገብ ለእግረኛ ብሎ ቢያቆም፣ ሁለት ሴቶች ዘምቢላቸውን ይዘው ገቡና ተደላድለው ተቀመጡ። «ጫጫ ነው አይደል?» አለች አንደኛዋ። «የቤት መኪና ነው እኮ» አለ አባዬ። «ምናለ ታዲያ፣ እዚያው ጫጫ ነው እኛም» አለች ሌላዋ። እነሱ ሳይወርዱ ሦስተኛ ሰው ተሳፈረ። አባዬ ጆሮው ቀልቶ ሁሉንም አስወርዶ ወደ ቤት ተመለሰና፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ጫጫ አይደለም ስል ልኑር?» አለ። እኔ ያን ቀን ሳልታዘበው አላለፍኩም፤ ጫጫ ነው ቢላቸው ምን ነበረበት?

ናርዶስ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ትንሽ ሲቀር ላንድሮቨሩ ከአረርቲ መጣ። አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ሻጩ እህል ነጋዴ ነበር። የኋላ በሩን ስከፍተው የጤፍና የናፍጣ ሽታ ወጣ። ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች! እዚህ ላይ ሰው አይቆጠርም፤ ጠጋ በሉ ብቻ ነው የሚባለው። ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ድረስ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። «ይሄ ነው! አባዬ ይሄ ነው!» ብዬ ጣሪያውን ደበደብኩ። አባዬ መሪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ከፍ ብሎ መቀመጥ አልለመደም፤ በመስኮቱ ወደ ታች ቮልሷን አያት።

«ይሻላል» አለ በመጨረሻ።

ቮልሷን የገዛት ጫጫ የሚያስተምር፣ በቅርቡ ሊያገባ ያሰበ ወጣት መምህር ነው። አባዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ በራ። የእሷን ጠባይ፣ በውርጭ ጊዜ እንዴት እንደምትባበል፣ የትኛው በር ጠንከር ተደርጎ እንደሚዘጋ ሁሉ አስረዳው። ወጣቱ ሞተሯ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አጣጥፎ ይዞ ሊገባ ሲል እማዬ ቀደም ብላ፣ «እሱ እንኳን የቤታችን ነው» ብላ ተቀበለችው። ለመጨረሻ ጊዜ ዳዊት ከግራ፣ እኔ ከቀኝ ሆነን ገፋን። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ «አሁን!» ያለው አባዬ አልነበረም። አስነጠሰች፣ ትክ ትክ ትክ አለች፣ አልቆመችም። አስፋልቱ ድረስ ሮጠን ተከተልናት። በየማታው እንድትሄድ ስጸልይ የነበርኩት ልጅ መንገድ ዳር ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዳዊትም አለቀሰ፤ በኋላ ግን አላለቀስኩም ብሎ ካደ።

የናርዶስ ክርስትና ዋዜማ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ማለዳ ተነስተን ላንድሮቨሩን ጫንን። እማዬ ያንን ግራጫ ብርድ ልብስ አግዳሚው ላይ አነጠፈችልኝ፤ ብረቱ እንዳይቀዘቅዘኝ። ጋቢና አባዬ፣ እማዬና መንታዎቹ። ከኋላ እኔ፣ ዳዊት፣ የክርስትና እናት የሆነችው እትዬ ጥሩነሽ። ሰፊ ነው፣ እግሬን ዘረጋሁ። ደስታዬ ግን የቆየው እስከ ሠፈሩ መውጫ ነው። ወንበር እንዳለን ሲታወቅ ሰው በዛ። የእትዬ ጥሩነሽ እህት ከነልጆቿ ገባች። ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉትን ጥላ የሚያደርሱ ሽማግሌ ገቡ። ከከተማ ስንወጣ ገብስ ከሚወቃበት አውድማ አጠገብ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሱ፤ አባዬ አቆመ። ቮልስ ሲነዳ ለመንገደኛ አቁሞ የማያውቀው ሰውዬ አሁን ለሁሉም ያቆማል፤ ኮርቷል! ለአሮጊቷ ተነሱ ሲባል የተነሳሁት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሴ ላይ እሳቸው ተቀመጡ፤ እኔ መለዋወጫ ጎማው ላይ።

ተመልሼ ቦታ አጣሁ ማለት ነው! እግሬ ሥር ደግሞ እማዬ ልብሴን ያስገባችበት ፌስታል አለ። ለአንድ ቀን የሚሆን ልብስ ለምን ያን ያህል ወፈረ?

ይሁንና መንገዱ ፍርሃቴን እየነጠቀኝ ሄደ። ሜዳው አለቀና ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሳ መንገዱን ያቋርጠን ጀመር። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች በጉሙ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ይመስሉኛል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል፤ ዳዊት ስለ እነሱ ሁሉንም እንደሚያውቅ ሆኖ ያስረዳል። በየመጠምዘዣው አባዬ ማርሽ ሲቀይር እትዬ ጥሩነሽ እልል ትላለች፣ ሌሎቹም ይቀበሏታል። ጉሙ ድንገት ሲገለጥ ቆላው ከታች ተዘርግቶ ታየ፤ መጨረሻው ከሰማይ ጋር ይገናኛል። ሁላችንም «ኧረ!» አልን። ጎማው ላይ ሆኜ እኔም ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

አያቴ ቤት አልጋው እውነትም ተነጥፏል፤ አዲስ ፍራሽ። ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ ማለት ይቻላል። በጠዋቱ ናርዶስ ተጠመቀች፤ ውኃው ሲነካት ደብሩ እስኪያስተጋባ ጮኸች። ጾመ ነቢያት ስለገባ ዶሮ የለም፤ እትዬ ጥሩነሽ «ወንዱ በዶሮ፣ ሴቷ በሽሮ!» እያለች ስታማርር ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ሽሮውን አልበላሁም። ሰው ምሳ ላይ እያለ ፌስታሌን ይዤ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። የላንድሮቨሩን የኋላ በር ከፍቼ ገባሁ፣ ዘጋሁት። የአግዳሚው የመጨረሻ ጫፍ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጥኩ። የመስኮቱን ብረት በሁለት እጄ ያዝኩ። ማንም ይምጣ፣ ለማንም አልነሳም።

ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ አባዬ አያቴን መኪናውን እንዲባርኩ ይዟቸው መጣ። በመስታወቱ አያቸዋለሁ። አያቴ ጸበሉን በሰፊ ጣሳ ይዘዋል። አባዬ የፊቱን ክዳን ከፍቶ በኩራት ቆሟል። አያቴ ግን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት አለፉት። ከቮልሷ የተማሩትን አልረሱም፤ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ መጡና በሩን ከፈቱ።

አፍጥጠው አዩኝ።

«ወለተ ሥላሴ! እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቦታ ይዤ ነው።»

«ለማን?»

«ለእኔ» አልኩና ለቅሶዬ መጣ። «እርስዎ ስጡኝ ብለዋል። አልጋም አንጥፈዋል። ቮልሷ ጠባ ስለነበር ነው እንጂ አሁን እኮ ሰፊ ነው፣ ለእኔም ይበቃል!»

አያቴ ጣሳውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ያን ማታ አንቺ ተኝተሽ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «እናትሽ አራስ ቤት ጠርታኝ፣ አባባ፣ ከስድስቱ አንድ አልሰጥም አለችኝ። እኔም ልጄን ደግሜ አልጠየቅኋትም። አልጋውን ያነጠፍኩት እንግዳዬ ስለሆንሽ ነው።»

እጄ ብረቱን ለቀቀ። አያቴ ቀና ብለው ጸሎታቸውን ጀመሩ። መዳፋቸውን ጣሳው ውስጥ ነክረው ሞልተው አወጡና በአናቴ ላይ ረጩት። የአንኮበር ውኃ በታኅሣሥ! በአንገቴ ወረደ፣ ቀሚሴን አራሰ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባ። የእርጥብ ሱፍ ሽታ መኪናውን ሞላው። እየተንቀጠቀጥኩ፣ እያለቀስኩ፣ መሳቅ ጀመርኩ።

አባዬ ከፊት ሆኖ ተጣራ፤ «አባባ! ኧረ አባባ! የዚህ ሞተሩ ከፊት ነው!»

አያቴ አልዞሩም። እንደገና መዳፋቸውን ሞልተው አነሱ።

«ዝም በል» አሉት፣ «አግኝቼዋለሁ።»